ሞንቴሶሪ የተጀመረው ለማን ነበር?

ሞንቴሶሪ የተባለው የሕፃናት ማስተማሪያ ዘዴ ከመነሻው ለባለጸጎች ልጆች የታሰበ ነበር ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አልነበረም። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ የመጀመሪያውን «የሕፃናት ቤት» እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 የከፈቱት በሮም የድሆች ሰፈር በሳን ሎሬንዞ ሲሆን፣ የተቀበሉትም ወላጆቻቸው ለሥራ ሲወጡ ያለ ጠባቂ የሚውሉ ሕፃናትን ነበር። ቀደም ሲል የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የተጠቀሙባቸውን መማሪያዎች ለእነዚህ ሕፃናት ባቀረቡ ጊዜ፣ ልጆቹ ማንም ሳያስገድዳቸው አንዱን ሥራ በጥልቅ ትኩረት ደጋግመው ሲሠሩ አዩ፤ ዘዴው ያደገውም ከዚህ ምልከታ ነው።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። ስሙን ብዙ ትምህርት ቤቶች ያለ ዘዴው ይጠቀሙበታል። እኔም ስሙን ብቻ አምኜ ልጄን ካስመዘገብኩ በኋላ፣ መማሪያዎቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፈው ሕፃናቱ ከሰሌዳ ሲገለብጡ አግኝቻለሁ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው፣ ልጆቹ ሥራቸውን ራሳቸው መርጠው ሲያነሡ ይመልከቱ።