ሪችመንድን ሳታውቅ አራት ኪሎን አታውራኝ

ቨርጂኒያ ከገባሁ 23 ዓመት አለፈኝ፤ ሃያውን በታክሲ። ስንቱን አዲስ ገቢ ከደለስ አየር ማረፊያ ተቀብዬ ቤት አድርሻለሁ፣ በመንገዱ ሁሉ እየመከርኩ። የሚሰማኝ ጥቂት ስለሆነ ይኸው ዛሬ ጻፍኩት።

1. ወረቀት። ሶሻል ሴኩሪቲ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ጊዜው ሲደርስ ዜግነት። ይህን የሚያስረዳህ ሰው አታጣም።

2. ሥራ። ያገኘኸውን ያዝ፤ ግን ኢንሹራንስ አለው ወይ ብለህ ሳትጠይቅ አትፈርም። ለምን እንደምልህ ከታች ታየዋለህ።

3. ዜግነት ከያዝክ፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት በሚቀመጥበት ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ ማን እንደሚወክልህ እወቅ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ቡና ላይ ስንቀመጥ አራት ኪሎ ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ እስከ ወረዳ ድረስ ወርደን እንተነትናለን። የራስህ የምክር ቤት አባል ማን ነው ስልህ ግን ጣራ ጣራውን ታያለህ። አትፈር፣ እኔም እንዳንተው ነበርኩ።

ማናሳስ ፓርክ ስኖር የአካባቢያችን ተወካይ ቦብ ማርሻል የሚባሉ ሪፐብሊካን ነበሩ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ 26 ዓመት፣ በየሁለት ዓመቱ እየተመረጡ። ወግ አጥባቂ ከሚባሉትም ጠንካራው። ውርጃን መቃወም ዋና ሥራቸው ነበር። ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው የሚለውን የስቴቱን ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ካቀረቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ በ2006 መራጩ 57 በመቶ በሆነ ድምፅ አጸደቀው፣ በ2014 ፍርድ ቤት ሻረው። የኦባማ የጤና ሕግ ሲመጣ ደግሞ የቨርጂኒያ ነዋሪ ኢንሹራንስ እንዲገዛ አይገደድም የሚል ሕግ በ2010 አስጸደቁ።

ከቅዳሴ በኋላ ስማቸው ሲነሳ "እሰይ፣ የእኛ ሰው" እንል ነበር። መርጬያቸው ግን አላውቅም። ተቃውሜያቸውም አላውቅም። ስለ ጋብቻ ያሉትን ሰምቼ ደስ አለኝ፣ የቀረውን አልጠየቅኩም።

የቀረው ብዙ ነበር። በ2007 የሰሜን ቨርጂኒያ ትራንስፖርት ባለሥልጣን ለመንገድ የሚሆን ግብር እንዲሰበስብ ሥልጣን ተሰጠው። ማርሻል፣ ሕዝብ ያልመረጠው አካል ግብር ሊጥልብን አይችልም ብለው ከሰሱ፤ በ2008 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። በሕጉ ትክክል ነበሩ እላለሁ፣ ዛሬም ቢሆን። ግን እኔ በዚያን ጊዜ ንጋት ላይ በ28 ቁጥር መንገድ ወደ ደለስ ስነዳ፣ ከፊቴ የቀይ መብራት ሰልፍ ሲዘረጋ፣ የምራገመው አስፋልቱን ነበር። ለመንገድ ተብሎ የታሰበ ገንዘብ እንደነበረና እንደቀረ የማውቀው ነገር አልነበረም።

በ2017 ዳኒካ ሮም የምትባል የአካባቢ ጋዜጣ ዘጋቢ ተወዳደረቻቸው። ትራንስጀንደር ናት። እሳቸው በዚያው ዓመት የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀም በተወለዱበት ጾታ ይሁን የሚል ረቂቅ አቅርበው፣ የራሳቸው ፓርቲ በሚመራው ንዑስ ኮሚቴ ወድቆባቸው ነበር። ዓለም ሁሉ ይህንን ሲያወራ እሷ በየበሩ የምታወራው ስለ 28 ቁጥር መንገድ መጨናነቅ ነበር። 54 በመቶ ገደማ አግኝታ አሸነፈች። እኔ በዚያ መንገድ ዕድሜዬን የፈጀሁት ሰውዬ የምርጫው ቀን ተኝቼ ዋልኩ። ከዚያ በፊት አንድ ቀስቃሽ ልጅ በሬን ሲያንኳኳ የየትኛው ወገን መሆኑን እንኳን አልጠየቅኩትም። የአገር ቤት ክርክር እያየሁ ስለነበር "አልመርጥም" ብዬ ዘጋሁበት።

4. "የእኔ አንድ ድምፅ ምን ትሠራለች?" አትበለኝ። በዚያው ምርጫ ኒውፖርት ኒውስ ላይ ሪፐብሊካኑ ያንሲና ዴሞክራቷ ሳይመንድስ እኩል 11,608 ድምፅ አገኙ። ጥር 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ ስማቸው በሁለት የፎቶ ፊልም ማስቀመጫ ተከትቶ ከሸክላ ሳህን ውስጥ ዕጣ ወጣ። ልክ እንደ ዕቁባችን! ለያንሲ ወጣላቸው፤ ምክር ቤቱም ለሪፐብሊካኖች 66 ለ34 የነበረው 51 ለ49 ሆነ። አንድ ሰው አንኮራፍቶ ባይቀር ኖሮ ዕጣም አያስፈልግም ነበር።

ያ ምክር ቤት ነው በዚያው ዓመት ሜዲኬይድን፣ ማለትም መንግሥት ለድሃ የሚሰጠውን የጤና ኢንሹራንስ፣ ያሰፋው፣ ከሪፐብሊካኖቹም የተወሰኑት ደግፈውት። ከዚያ በፊት ለዓመታት ማርሻልና ፓርቲያቸው ሲቃወሙት ነበር፤ ዋሽንግተን ነገ ገንዘቡን ብታቆምስ ይሉ ነበር። እኔ ሰምቼ አላውቅም። የሚያሳፍረኝ እሱ ነው፣ ምክንያቱም ታናሽ ወንድሜ እቤቴ ነበር የሚኖረው።

ዜጋ ነው፣ ልጅ የለውም፣ ፓርኪንግ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ይሠራ ነበር፤ ኢንሹራንስ የለም። ስኳር አለበት። በኦባማ ሕግ የሚሰጠውን የኢንሹራንስ መግዣ ድጎማ ሲጠይቅ ገቢህ ከወለሉ በታች ስለሆነ አይገባህም ተባለ። ሜዲኬይድ ሲጠይቅ ደግሞ ልጅ የለህም ተባለ። ድሃ በመሆኑ ድጎማ ተከለከለ፣ እንግዲህ አስበው! ፖቶማክን ተሻግሮ ሜሪላንድ ወይም ዲሲ ቢኖር ከ2014 ጀምሮ ያገኘው ነበር። የድልድይ መንገድ ነው። በሳምንት አምስት ጊዜ መንገደኛ አሻግርበታለሁ፣ ወንድሜን ግን አላሻገርኩትም፤ የስቴት ሕግ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበራ።

ኢንሱሊኑ ፍሪጅ በር ላይ ከድልሁ ጎን ይቀመጥ ነበር። የወር መድኃኒት ስድስት ሳምንት ሲቆይ አይቼ "ቆጣቢ ነው" ብዬ ሳቅኩበት። ለካ መጠኑን እየቀነሰ ነበር የሚወጋው።

ጥር 2019 ላይ የሜዲኬይድ ፖስታው መጣ። ከፍቼ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ግራ ዓይኑ ጠፍቶ፣ ቀኙም ፊደል መለየት ተስኖት ነበር።