ድፍርሱ ውሃ አፈር ውስጥ ገብቶ የት ይቀራል? (ጥያቄና መልስ)

የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምሠራ ከነገርኳችሁ ወዲህ ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ዛሬ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መራዊ አካባቢ ነው የማርሰው። አፈሩ ጥልቅ ነው፤ ሐምሌ ላይ ግን ውሃ ይተኛበታል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዝናቡ ጓሉን ሲመታው ይፈርሳል። ከፊሉ ታጥቦ ይሄዳል፤ ዓባይ በክረምት የሚደፈርሰው በእሱ ነው። የቀረው ደቃቅ ከውሃው ጋር ወደ ታች ይሰርጋል፤ ማረሻ ከማይደርስበት ጠባብ ቀዳዳ ሲገባ ይቀረቀራል። ክረምት በመጣ ቁጥር እየተደራረበ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ደምበጫ አካባቢ፣ አንጀኒ ላይ፣ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታጥቦ የሚሄደው አፈር ሲለካ ኖሯል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሳይሄድ እዚያው ገብቶ የሚደፍነው ነው። ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ተክልና ፍግ ቀዳዳውን መልሰው ይከፍታሉ።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምማር ተማሪ ነኝ። የተደፈነው ቀዳዳ ሲቆፈር አይበላሽም? ታዲያ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ ይበላሻል። ለዚህ ነው ሳይነካ በራጅ የሚነሳው፤ ሆስፒታል እንዳለው ሲቲ ስካን ማለት ነው። አፈሩ በቱቦ ውስጥ እንዳለ እየዞረ በመቶዎች የሚቆጠር ምስል ይነሳል፤ ኮምፒውተር ምስሎቹን ገጣጥሞ የውስጡን ቅርጽ ያወጣል። ችግሩ ስፋትና ጥራት አብረው አለመገኘታቸው ነው። በአንድ ረድፍ 2,000 ነጥብ በሚያነሳ መሣሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ናሙና ሲነሳ አንዱ ነጥብ 5 ማይክሮን ይሆናል (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)። የሸክላ አፈር ቅንጣት ደግሞ ከ2 ማይክሮን በታች ነው። ስለዚህ ራጅ ቀዳዳውንና የተደፈነውን ቦታ እንጂ ነጠላዋን ቅንጣት አያሳይም።

ነጠላዋን ለማየት በመስታወት ላይ የአሸዋ ቀዳዳ የሚመስል መንገድ ይቀረጻል፤ የሚያበሩ ቅንጣቶች በውሃ ይላኩበትና በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ስታዪው ያስደንቅሻል! አንዳንዷ ሁለት ጠጠር በሚነካካበት ጥግ ትወሸቃለች፣ ሌላዋ ውሃው በሚመጣበት በኩል ጠጠሩ ላይ ትለጠፋለች፣ ሌላዋ የአየር አረፋ ጠርዝ ላይ ትቀራለች። ጨው ያለበት ውሃ ሲሆን መለጠፉ ይበረታል፤ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ሲከተል ብዙዎቹ ይላቀቁና እንደገና ይጓዛሉ።

ጥያቄ፦ የእኛ የቢቸና ጥቁር አፈርስ?

መልስ፦ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ደቃቁን በስንጥቁ ይዞት ይወርዳል። አፈሩ ሲርስ ያብጥና ይዘጋል።

ጥያቄ፦ በአሸዋ ያጣራሁትን ውሃ ልጆቼ ቢጠጡት ምን አለበት?

መልስ፦ እህቴ፣ አፍልተሽ ስጫቸው። ትልቁ ቅንጣት ይዘቅጣል ወይም ከአሸዋው ይላተማል፤ እጅግ ትንሹም ውሃ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ አሸዋውን ይነካል። ለመያዝ የሚያስቸግረው 1 ማይክሮን አካባቢ ያለው ነው፤ ብዙ ባክቴሪያ ደግሞ ይህን ያህላል። አሸዋው ላይ ሲቆይ የሚበቅለው ልስልስ ሽፋን ብዙ ያግዛል፤ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ መሣሪያ የሌለን ሰዎች ምን እናያለን?

መልስ፦ አፈሩን በጠርሙስ ውሃ በጥብጣችሁ አስቀምጡት። 50 ማይክሮን የሆነው ደቃቅ አሸዋ 10 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ 45 ሰከንድ ያህል ይበቃዋል። 2 ማይክሮን የሆነው ግን 8 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ውፍረቱ በ25 እጥፍ ሲያንስ ፍጥነቱ በ625 እጥፍ ይቀንሳልና። ማታ በጥብጣችሁት ጠዋት ላይ ላዩ አሁንም ድፍርስ ከሆነ፣ ማሳችሁን የሚደፍነው እሱ ነው።