የሲ ላይብረሪን ከድረ ገጽ ስክሪፕት መጥራት

ጥያቄ፦ ሰበታ በሚገኝ የዱቄት መጋዘን በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። ታላቅ ወንድሜ በሲ የፕሮግራም ቋንቋ የጻፈልን፣ የደንበኛ ስምና የገንዘብ መጠን ተቀብሎ የገንዘቡን ልክ በፊደል ጽፎ የሚመልስ ላይብረሪ አለን። ደረሰኙን ከብራውዘር ለማተም የዲኤልኤል ፋይሉን (በዊንዶውስ የሚሠራውን የላይብረሪውን ቅጂ) ከጃቫስክሪፕት ልጠራው ብሞክር አልሆነም። የሲ ኮድን ብራውዘር ወደሚያስኬደው ዌብአሴምብሊ በሚለውጠው መሣሪያ፣ በኢምስክሪፕተን፣ ኮምፓይል ሳደርገው ደግሞ በጽሑፉ ፈንታ 67120 የሚል ቁጥር መለሰልኝ። ለ«ከበደ» 4 ባይት የሜሞሪ ቦታ ይዤ ስሙን ብልክም በሲው በኩል የደረሰው «ከ» ብቻ ነው። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዲኤልኤሉ አልጠራ ያለዎት በእርስዎ ጥፋት አይደለም። ቀድሞ በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር አክቲቭኤክስ፣ በሌሎች ብራውዘሮች ደግሞ ኤንፒኤፒአይ የሚባሉ መንገዶች ይህን ይፈቅዱ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያ በኩል የገባ ኮድ የተጠቃሚውን ሥልጣን ይዞ ይሠራ ስለነበር ለአጥቂዎች የተመቸ ሆነ፤ ክሮምም ኤንፒኤፒአይን እ.ኤ.አ. በ2015 ጨርሶ አስወገደው። የደንበኞች ሒሳብ ያለበት ኮምፒውተር ለማንኛውም ገጽ ክፍት ሊሆን ስለማይገባ፣ መዘጋቱን እኔም በሙሉ ልብ እደግፋለሁ።

ወደ ዌብአሴምብሊ መዞርዎ ትክክል ነው። ነገር ግን በጃቫስክሪፕትና በሲው ኮድ መካከል የሚያልፈው ቁጥር ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ። ጽሑፍ ራሱ አይሻገርም፤ የሚሻገረው ጽሑፉ በሜሞሪ ውስጥ የተቀመጠበት አድራሻ ነው። ስለዚህ 67120 ስህተት ሳይሆን ደረሰኝዎ የሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ዩቲኤፍ8ቱስትሪንግ ለሚባለው የኢምስክሪፕተን ፋንክሽን ቢሰጡት ከዚያ አድራሻ ጀምሮ ጽሑፉን እስከሚዘጋው ዜሮ ባይት ድረስ ያለውን አንብቦ ጽሑፉን ይመልስልዎታል። ወንድምዎ ቦታውን ሜሞሪ በሚይዘው የሲ ፋንክሽን፣ በማሎክ፣ ይዘውት ከሆነ፣ ካነበቡ በኋላ ሜሞሪ በሚለቅቀው በፍሪ ይልቀቁት፤ አለዚያ በየደረሰኙ ሜሞሪው እየሞላ ይሄዳል።

የ«ከበደ» መቆረጥ ምክንያቱ የፊደላችን አቀማመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው መስፈርት፣ በዩኒኮድ 3.0፣ የገቡት የግዕዝ ፊደላት ቁጥሮቹን በባይት በሚጽፈው ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዳቸው 3 ባይት ይወስዳሉ። «ከበደ» 9 ባይት፣ ከመዝጊያው ዜሮ ጋር 10 ባይት ይሆናል፤ በያዙት 4 ባይት ውስጥ የሚገባው አንድ ፊደልና ዜሮው ብቻ ነው። የእንግሊዝኛ ምሳሌዎች አንዱን ፊደል በአንድ ባይት ስለሚቆጥሩ ብዙ የአማርኛ ፕሮግራመሮች እዚሁ ይሳሳታሉ። ቦታ ሲይዙ የፊደሉን ሳይሆን የባይቱን ብዛት ቆጥረው አንድ ይጨምሩ።

ይህን ሁሉ በእጅዎ መሥራት ካልፈለጉ፣ ሲኮል የሚባለው የኢምስክሪፕተን መጥሪያ የግብዓቱንም የውጤቱንም ዓይነት «ስትሪንግ» (ጽሑፍ) ብለው ሲነግሩት ልወጣውን ራሱ ይፈጽማል፤ በማሎክ የተያዘውን ውጤት ግን አይለቅልዎትም። ለስሙ የሚይዘው ቦታም ጊዜያዊ ስለሆነ ፋንክሽኑ እንደተመለሰ ይለቀቃል። የወንድምዎ ኮድ የስሙን አድራሻ ለኋላ የሚያስቀምጥ ከሆነ አድራሻውን ትቶ ስሙን ራሱን እንዲገለብጥ ያስተካክሉለት።