ግመሎቹ ከባቲ ገበያ ለምን ወጡ? ለኤጀንት የሚጻፍ የቱል መግለጫ

ከደሴ የጻፉልኝ ጠያቂ የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያሳይ የስሪዲ ጌም ጎዶት 4 በተባለው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እየሠሩ ነው። ሲኑን (የጌሙን ትዕይንት) የሚያደራጅላቸው ኤጀንት፣ ማለትም በቋንቋ ሞዴል የሚሠራ ረዳት ፕሮግራም፣ ግመሎቹን ከገበያው ውጭ ያስቀምጣል፤ ወደ ምሥራቅ አዙር ሲባል ወዳልታሰበ አቅጣጫ ያዞራል፤ አንድ ግመል አጥፋ ሲባል ደግሞ መንጋውን በሙሉ አጥፍቶባቸዋል። ጥያቄያቸው ሞዴል ልቀይር ወይ የሚል ነው።

ሞዴሉን አይቀይሩ። ከደብዳቤው ጋር የላኳቸው ሦስት ቱሎች (ኤጀንቱ ሥራ ለማስፈጸም የሚጠራቸው ስክሪፕቶች) መግለጫቸው «ዕቃ ያንቀሳቅሳል»፣ «ዕቃ ያዞራል»፣ «ዕቃ ያጠፋል» የሚል ብቻ ነው። የቱሉን ስክሪፕት ከፍቶ እንዲያነብ ካልተፈቀደለት በቀር ሞዴሉ የሚያየው የቱሉን ስም፣ መግለጫውንና የፓራሜትሮቹን (ቱሉ ሲጠራ የሚሞሉለትን መረጃዎች) ዝርዝር ነው። ባቲን አይቶ የማያውቅ ሰው ሰኞ ጠዋት «ዕቃ ግዛ» ተብሎ ቢላክ ምን ይዞ እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም።

ከቦታው እንጀምር። በጎዶት ሲን የሚሠራው አንዱ በሌላው ሥር ከሚደረደሩ ኖዶች (የሲኑ ክፍሎች) ነው። ፖዚሽን (ቦታ) የሚለካው ከወላጁ ኖድ ነው፤ ከዓለሙ መነሻ ነጥብ የሚለካው ግሎባል ፖዚሽን ነው። የገበያው ኖድ ከመነሻው 200 ሜትር ርቆ ከተቀመጠና ኤጀንቱ የገበያውን መሐል 200 ብሎ ከላከ፣ ከገበያው ሥር ያለው ግመል 400 ላይ ያርፋል። ስለዚህ መግለጫው እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦

«በሲኑ ውስጥ ያለን አንድ ኖድ ወደ ተሰጠው ቦታ ያዛውራል። ቦታው ግሎባል ነው፤ መለኪያው ሜትር ነው፤ ዋይ አክሲስ ወደ ላይ ነው። ኖዱ የሚጠቀሰው ከሲኑ የመጀመሪያ ኖድ በሚጀምር ሙሉ ዱካው (ፓዝ) ነው። አዲስ ኖድ ለመፍጠር ወይም ለማዞር አያገለግልም። ሲሳካ ኖዱ ያረፈበትን ቦታ ይመልሳል።»

እርግጥ ስክሪፕቱም በትክክል ግሎባል ፖዚሽንን መቀየር አለበት፤ ከኮዱ ጋር የማይገጥም መግለጫ ከአጭሩ መግለጫ የባሰ ነው።

በማዞሪያው ቱል የተፈጠረው ችግር የመለኪያ ነው። በጎዶት ኮድ ሮቴሽን (መዞር) በራዲያን፣ ማለትም በሌላ የማዕዘን መለኪያ፣ ሲሰጥ የኖዱን ዝርዝር የሚያሳየው ኢንስፔክተር ግን በዲግሪ ያሳያል፤ ኤጀንቱ 90 ሲል ዲግሪ ማለቱ ነበር። 90 ራዲያን 14 ሙሉ ዙር ዞሮ 117 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚያቆም በመሆኑ የግመሉ አቅጣጫ ግራ የሚያጋባ ሆኗል። ፓራሜትሩን «ማዕዘን» ከማለት «ማዕዘን በዲግሪ» ብለው ይሰይሙት፤ ወደ ራዲያን የሚለውጠው ስክሪፕቱ ይሁን። ምሥራቅ በየትኛው አክሲስ እንደሆነ ጎዶት ስለማያውቅ ይህንንም በጽሑፍ ያስፍሩት።

ከሁሉ የሚከፋው የማጥፊያው ነው። የእርስዎ ቱል ስም ብቻ ይቀበላል፤ የወላጁ ኖድ ስም «ግመል» ሲሆን ልጆቹ «ግመል2»፣ «ግመል3» ተብለዋል። ወላጅ ሲጠፋ ልጆቹም አብረው ይጠፋሉ። በመግለጫው ሙሉ ዱካ ይጠይቁ፤ ከሥሩ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋም ይጻፉ። በዚህ ብቻ ግን አልተማመንም፤ መከልከሉ በስክሪፕቱ ውስጥ መሆን አለበት። ልጅ ያለው ኖድ ሁሉ ይከልከል ካሉ ግን እያንዳንዱ ግመል ቅርጹንና ግጭቱን የሚወስኑ የራሱ ልጅ ኖዶች (ሜሽና ኮሊዥን) ስላለው አንዱንም ማጥፋት አይችሉም፤ መከልከል ያለበት ከሥሩ ሌሎች የሲን ኢንስታንሶች (እንደ ግመሎቹ ከተዘጋጀ ሲን የተቀዱ ዕቃዎች) የያዘ ኖድ ነው።

የስህተት መልእክቱም የመግለጫው ተከታይ ነው። «አልተሳካም» ብቻ የሚል ቱል ኤጀንቱን ያንኑ ትእዛዝ ደጋግሞ እንዲልክ ያደርገዋል፤ «በዚህ ዱካ ኖድ የለም፤ በአቅራቢያው ያሉት እነዚህ ናቸው» የሚለው ግን ራሱን እንዲያርም ይረዳዋል።

መግለጫውን በአማርኛ መጻፍዎ ችግር የለውም። የቱሉን ስም ግን አብዛኞቹ የሞዴል አቅራቢዎች በላቲን ፊደል ብቻ ይቀበላሉ፤ የጎዶት ፕሮፐርቲ ስሞችም በኮዱ እንዳሉ ይቀመጡ።

ካስተካከሉ በኋላ አዲስ ውይይት ከፍተው የቀድሞዎቹን ትእዛዞች ይስጡት፤ ከመፈጸሙ በፊት የትኛውን ቱል እንደመረጠና በምን የፓራሜትር ዋጋ እንደጠራው ይመልከቱ። ማጥፊያውን ግን ፕሮጀክቱን በጊት (የቀድሞ ቅጂ ለመመለስ በሚያስችል መሣሪያ) ካስቀመጡ በኋላ ብቻ ይሞክሩት።