በአዳማ ግቢ ወይራ ወይስ ዝግባ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ 200 ካሬ ግቢ አለን። ቀስ ብሎ ቢያድግም ለልጅ የሚተርፍ አንድ ዛፍ ብንተክል፣ ወይራ ይሻላል ዝግባ?

መልስ፦ ወይራ ትከሉ። አዳማ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃትና ነፋሻማ ከተማ ናት። ዝግባ ደግሞ እርጥበት ያለው ደጋማ አገር ይወዳል፤ ሲያድግም ከ30 ሜትር ሊያልፍ ስለሚችል ግቢያችሁ አይበቃውም። ወይራ ድርቅና ድንጋያማ መሬት ይችላል፣ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ከቤቱ ግድግዳ 4 ሜትር ያህል አርቁት። የሚገረዘውን ቅርንጫፍም አትጣሉ፤ ለጠላ እንስራና ለወተት ዕቃ ማጠኛ ይሆናል።

ጥያቄ፦ አምና የተከልኩት ወይራ በጥር ደረቀ። ከሰው የሚረዝም ችግኝ መርጬ ነበር።

መልስ፦ ዋናው ጥፋት ምርጫው ሳይሆን አይቀርም። በትንሽ ፕላስቲክ ውስጥ ብዙ የቆየ ችግኝ ሥሩ ይጠቀለላል፤ መሬት ከገባ በኋላም እዚያው ይዞራል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ዝናብ ሲያቆም ያን ሁሉ ቅጠል ማጠጣት ያቅተዋል። ዘንድሮ ከ30 እስከ 50 ሳንቲሜትር የሆነውን ይግዙ።

ጉድጓዱን በግንቦት 50 በ50 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱንም 50 አድርገው ይቆፍሩ፤ የላይኛውን አፈር ለብቻ ያስቀምጡ። በሐምሌ መጀመሪያ ሁለት እጅ የላይኛው አፈር ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቅሉ፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፕላስቲኩን በምላጭ ቀደው ሙሉ በሙሉ ያውጡ፣ ከታች የተጠቀለለ ሥር ካለ ይቁረጡ። የችግኙ አንገት ከመሬቱ እኩል ይሁን።

ከመስቀል በኋላ በሳምንት አንድ ጊዜ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቀስ እያሉ ያጠጡ። በየቀኑ በጣሳ መርጨት ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ሣር ይጎዝጉዙለት፤ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ አለዚያ ምስጥ በዚያ ተሸፋፍኖ ልጡን ይበላል። እንዲህ ሁለት በጋ ያሻግሩት።

ጥያቄ፦ ወይራ ከዘር ይበቅላል?

መልስ፦ ይበቅላል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የጠቆረ ፍሬ ለቅመው ሥጋውን አጥበው ያስወግዱ። ፍሬው ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ውስጡን ሳይጎዱ በቀስታ ሰንጥቀው ለ48 ሰዓት ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት።

ጥያቄ፦ ለጥላ ብለን ዋርካ በር ላይ ብንተክልስ?

መልስ፦ አይሆንም። ሥሩ መሠረት ይሰነጥቃል፣ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥም ይገባል። ቶሎ ጥላ ከፈለጋችሁ ዋንዛ ይሁን፤ ከወይራ በጣም ይፈጥናል።