ሞተር በቤት ወርዶ ከተገጠመ በኋላ አልነሳ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎች ያቀረቡት ከተለያዩ የጎጃም ከተሞች የመጡ፣ ሞተራቸውን በግቢያቸው ራሳቸው ፈትተው ያደሱ ሰዎች ናቸው። መልስ የምሰጠው ደብረ ማርቆስ ውስጥ በሞተር ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ይነሳ ከነበረ፣ ዛሬ የማይነሳበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እጃችን በነካው ቦታ ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ለመግዛት ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የፈታነውንና የገጠምነውን በቅደም ተከተል ማስታወስና በመለኪያ ማረጋገጥ ይገባል።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ጋሼ፣ የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ሞተር ከጓደኛዬ ጋር አውርደን ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት)፣ ብሮንዚኑን (ክራንክ ሻፍት የሚባለው ዋና ዘንግ የሚዞርበትን መሸከሚያ)ና ጓርኒሲዮኑን (ማሸጊያውን) ቀየርን። አሁን ቁልፉን ስናዞር «ቀጭ» ይልና ዝም ይላል። ባትሪው ስለደከመ ይሆን? አዲስ ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ሞተሪኖው (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያዞረው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) በቂ ኤሌክትሪክ ሳይደርሰው ሲቀርም ሆነ ሞተሩ ራሱ ታንቆ ሲይዝ የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱን ለመለየት ካንዴላዎቹን (ብልጭታ የሚሰጡትን) በሙሉ ፍቱና በክራንክ ሻፍቱ ፑሊ ብሎን ላይ ልኩ የሆነ መፍቻ አስገብታችሁ ሞተሩን በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ አዙሩት። ሳይቆራረጥ፣ በእኩል ክብደት ሁለት ሙሉ ዙር ከሄደ ችግሩ የኤሌክትሪክ ነው። ሞተር ከወረደ በኋላ በመጀመሪያ የምጠረጥረው የሞተሩን አካል ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ሽቦ ነው፤ ወይ ተረስቶ ሳይታሰር ቀርቷል፣ ወይ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ታስሯል። ከባትሪው ነጌቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ባዶ ብረት የባትሪ ማስነሻ ገመድ አገናኝታችሁ ሞክሩ፤ ከዞረ ጥፋቱ ተገኘ ማለት ነው። ባትሪውን በተመለከተ፣ ሙሉ የሆነ ባትሪ ሥራ ላይ ሳይሆን 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲያዞር ደግሞ ከ9.6 ቮልት በታች መውረድ የለበትም።

በእጅ አልዞር ካለ ግን ሞተሪኖውን አትንኩት። የዘይቱን ገንዳ ፍቱና የብሮንዚኖቹን ክዳኖች ተመልከቱ፤ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥርና ቀስት አለ። አንዱ ከሌላው ጋር ተለዋውጦ ወይም ተገልብጦ ከታሰረ ክራንክ ሻፍቱን አንቆ ይይዛል። ክዳኖቹን አንድ በአንድ እያላላችሁ ከእያንዳንዱ በኋላ በእጅ ሞክሩ፤ ሲላላ ሞተሩን የለቀቀው ክዳን ጥፋተኛው እሱ ነው። ክዳኖቹ ደኅና ከሆኑ ፋሻውን ጠርጥሩ። የአዲሱ ፋሻ ሁለት ጫፎች ሲሊንደር ውስጥ ሲገቡ በመካከላቸው ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ስፋቱ 80 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሲሊንደር ክፍተቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሳይለካ ክፍተቱ አንሶ የተገጠመ ፋሻ ሞተሩ ሲሞቅ ጫፍ ለጫፍ ይገፋፋና ሲሊንደሩን ይፍቃል።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከዚሁ ጠያቂ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ሽቦው ነበር። አሁን በደንብ ያዞራል፤ ነገር ግን አይነሳም፣ አልፎ አልፎም በካርቡራተሩ በኩል እሳት ይተፋል።

መልስ፦ ይህ ምልክት ብልጭታው ያለ ጊዜው እንደሚመጣ ይናገራል፤ በቤት በተገጠመ ሞተር ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ዲስትሪቢዩተሩ (ብልጭታውን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው) በግማሽ ዙር ተሳስቶ መግባቱ ነው። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍትና ዲስትሪቢዩተሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራሉ። ስለዚህ አንደኛው ፒስተን በአንድ ሙሉ ሥራ ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ አንዱ አየሩን አምቆ ሲጨርስ፣ ሌላው የተቃጠለውን ጭስ ገፍቶ ሲያስወጣ። በፑሊው ላይ ያለው ምልክት በሁለቱም ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ስለሚቆም ብዙ ሰው ምልክቱን አይቶ ብቻ ይገጥምና ይሳሳታል።

ማረጋገጫው እንዲህ ነው። የአንደኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፍቱ፣ ቀዳዳውን በጣት ድፈኑ፣ ሌላ ሰው ሞተሩን በመፍቻ ቀስ አድርጎ ያዙር። አየሩ ጣታችሁን እየገፋ ሲወጣና የፑሊው ምልክት ልኩ ላይ ሲደርስ ትክክለኛው ቦታ ያ ነው። የቫልቭ ክዳኑን ከከፈታችሁ በዚያን ጊዜ የአንደኛው ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ታገኟቸዋላችሁ። አሁን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አንሱ፤ በውስጡ የሚዞረው ጣት ወደ አንደኛው ሲሊንደር ሽቦ ማመልከት አለበት። ወደ አራተኛው ካመለከተ ዲስትሪቢዩተሩን አውጥታችሁ ግማሽ ዙር አዙራችሁ መልሱት። ሽቦዎቹም ጣቱ በሚዞርበት አቅጣጫ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ተብለው መደርደራቸውን አረጋግጡ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ሞተሩ ይነሳል፤ ግን ጠዋት ጠዋት በብዙ ልፋት ነው። የኮምፕሬሽን (አየሩ ሲሊንደር ውስጥ ሲታመቅ የሚፈጥረው ግፊት) መለኪያ ተውሼ ስለካ አራቱም ሲሊንደሮች 9 ባር ገደማ አሳዩ። መጽሐፉ 12 ይላል። አንድ መካኒክ «ሥራው ተበላሽቷል፣ እንደገና ይውረድ» አለኝ። ሁለተኛ ወጪ ሊያስወጣኝ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ቁጥር ምክንያት ሞተርዎን አያውርዱ። በእኛ አገር ብዙ ደኅና ሞተር ያለ ጥፋቱ የተፈታው በዚህ ስህተት ስለሆነ ጉዳዩን ሰፋ አድርጌ ላስረዳ።

በፋብሪካ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ቁጥር የተለካው ባሕር ጠለል ላይ ባለ አየር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው አየር ከመጀመሪያው ስስ ስለሆነ የመጨረሻው ግፊትም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ስለዚህ ባሕር ጠለል ላይ 12 ባር የሚያሳይ ሞተር እዚህ 9 ባር ገደማ ማሳየቱ የሚጠበቅ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ እዚያ ቁጥሩ ከእኛ ከፍ ይላል፤ ከደጀን ወርደው አባይ ድልድይ አጠገብ ቢለኩት ደግሞ ይበልጥ ከፍ ብሎ ያገኙታል። ሞተሩ ግን ያው ነው።

ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ ሊታይ የሚገባው ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው። በመካከላቸው ከ1 ባር የበለጠ ልዩነት ከሌለ በጎ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ አራቱም እኩል ናቸው። ስንለካ ካንዴላዎቹ በሙሉ መውጣት፣ ባትሪው ሙሉ መሆንና የቤንዚኑ ፔዳል እስከ ታች መረገጥ አለበት፤ ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር ስለማይገባ ደኅናው ሞተር የሞተ ይመስላል። ሌሎች አንባቢዎች አንድ ሲሊንደር ብቻ ዝቅ ብሎ ካገኙት በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ቁጥሩ ብድግ ካለ ፋሻው ገና አልተላመደም ወይም በትክክል አልገባም፤ ካልተለወጠ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ በመካከላቸው ያለውን ጓርኒሲዮን ይጠርጥሩ። አራቱም አብረው እጅግ ከወደቁ ደግሞ ክራንክ ሻፍቱንና ካምሻፍቱን የሚያያይዘው የታይሚንግ ቺንጋ (ቀበቶ) ወይም ሰንሰለት ጥርስ ዘሎ ሊሆን ይችላል።

የእርስዎን የጠዋት ችግር በተመለከተ፣ የካርቡራተሩ የቅዝቃዜ መዝጊያ በትክክል እንደሚዘጋና የካንዴላው ክፍተት መጽሐፉ እንደሚለው መሆኑን ይመልከቱ። ለሞተሩ ገና አይስጉ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ የናፍጣ ሃይሉክስ ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተላግቶ፣ ናፍጣ ፖምፓውም ወርዶ ተመለሰ። አሁን ያለ ማቋረጥ ያዞራል፣ አይነሳም። ጎትተን እናስነሳው?

መልስ፦ አትጎትቱት። የታይሚንግ ቺንጋው በትክክል መግባቱ ሳይረጋገጥ በጉልበት የሚጎተት የናፍጣ ሞተር ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ የታደሰው ቴስታታ በአንድ አፍታ ይበላሻል። በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ በአየር መግቢያው ላይ መያዝም የተለመደ፣ ግን አደገኛ ነገር ነው፤ ማሞቂያ ካንዴላው በጋለበት ሞተር ውስጥ የቤንዚን ትነት ያለ ጊዜው ስለሚነድ ፒስተን ይሰብራል፣ ሰውም ያቃጥላል።

በመጀመሪያ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይመልከት። ሞተሪኖው ሲያዞር በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ምንም ጭስ ካልወጣ ናፍጣው ሲሊንደር ውስጥ አይደርስም። ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ይደርሳል፣ ግን አይቃጠልም። ምርመራው ከዚህ ላይ ወደ ሁለት መንገድ ይከፈላል።

ጭስ ከሌለ ፖምፓው ላይ ያለችውን የናፍጣ መዝጊያ ሶሌኖይድ ተመልከቱ፤ ሽቦዋን ነቅላችሁ መልሳችሁ ስትነኩት፣ ቁልፉ በርቶ ሳለ፣ «ጠቅ» የምትል ድምፅ መሰማት አለባት። ይህች አንዲት ቀጭን ሽቦ ስትረሳ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይነሳም። ሽቦዋ ደኅና ከሆነች በመስመሩ ውስጥ አየር አለ። በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ መግፊያ እስኪጠነክር ድረስ ግፉ፤ ከዚያ በየኖዝሉ (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር በሚረጨው) ላይ ያሉትን የቧንቧ ዳዶዎች ትንሽ አላሉና አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ በሞተሪኖ አዙሩ፤ ከዚያም አጥብቁ። እጅ ወይም ፊት ፈጽሞ ወደ ቀዳዳው አይቅረብ፤ ኖዝል የሚረጨው ናፍጣ ከ100 ባር በላይ ግፊት ስላለው ቆዳን በስቶ ይገባል፤ የደረሰበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስል እንኳ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። ይህ ዘዴ የሚያገለግለው ለቀድሞዎቹ ፖምፓዎች ብቻ ነው፤ በኮምፒውተር በሚታዘዙት ኮመን ሬይል በሚባሉት ላይ የከፍተኛ ግፊት ቧንቧ ማላላት ክልክል ነው።

ነጭ ጭስ ካለ ግን እንጅባራ ብርድ ስለሆነ በመጀመሪያ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን እያንዳንዳቸውን ለኩ፤ ከዚያ የፖምፓውን ምልክት ከታይሚንግ ቺንጋው ጋር አመሳክሩ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የባጃጅ ፒስተንና ፋሻ ቀየርኩ። ብልጭታ አለ፣ ቤንዚን ይመጣል፤ ካንዴላው ረጥቦ ይወጣል፣ አይነሳም።

መልስ፦ የቫልቩን ክፍተት ለካ። ቴስታታው ተፈትቶ ሲመለስ ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ ሁልጊዜ ትንሽ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ኮምፕሬሽን አይኖርም። ክፍተቱ ልክ ከሆነ የካም ሰንሰለቱን ምልክት እይ።

ጥያቄ (ከመራዊ)፦ የመስኖ ውሃ ፓምፕ ነው፤ ቤንዚን፣ ባለ አንድ ሲሊንደር። ከታደሰ በኋላ ቤት ውስጥ ተነሳ፤ ወንዝ ዳር ስናወርደው ብልጭታው ጠፋ።

መልስ፦ ወንዝ ዳር መሬቱ ተዳፋት ነው አይደል? ብዙዎቹ እነዚህ ፓምፖች ዘይቱ ሲያንስ ብልጭታውን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ አላቸው። ፓምፑ ካዘነበለ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ መቆጣጠሪያው «ዘይት የለም» ብሎ ይዘጋዋል። ድንጋይ ደልድላችሁ ልክ አስቀምጡትና ዘይቱን እስከ አፉ ሙሉ። ያም ካልረዳ የቮላኖውን (በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ ጎማ) ሽፋን ፍቱ፤ ኮይሉ ከቮላኖው ማግኔት በወፍራም ካርቶን ወረቀት ልክ፣ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መራቅ አለበት። በዚያው አጋጣሚ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘውን ትንሽ የብረት ቁልፍ እዩ፤ በከፊል ከተቆረጠች ብልጭታው ቢኖርም ጊዜው ይዛባል።

ጥያቄ (ከቢቸና)፦ የወፍጮ ሞተር፣ በእጅ የሚነሳ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ጓርኒሲዮኑ ስላልተገኘ ከሌላ ወፍራም ቆርቆሮ አስቆርጠን ገጠምን፤ አልነሳ አለ። ጤፍ ይዘው የመጡ ሰዎች እየተመለሱብን ነው።

መልስ፦ ጥፋቱን ራስዎ ነግረውኛል፤ ወፍራሙ ጓርኒሲዮን ነው። የናፍጣ ሞተር የሚነሳው አየሩ በመታመቁ ብዛት በሚፈጠረው ሙቀት ስለሆነ፣ ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ ጥቂት ሲሰፋ ሙቀቱ አይበቃም። ለመለካት ቀጭን የቆርቆሮ መበየጃ እርሳስ በኖዝሉ ቀዳዳ አስገብተው ቮላኖውን በእጅ ቀስ አድርገው አንድ ጊዜ ጫፉን ያሳልፉት፤ ፒስተኑ እርሳሱን ይጨፈልቀዋል፤ የተጨፈለቀው ውፍረት ያለው ክፍተት ነው። ያንን ከሞተሩ መመሪያ ጋር ያመሳክሩና ልኩ የሆነውን ጓርኒሲዮን ያስገቡ። በጣም ስስም አያድርጉት፤ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ቪትዝ ነው። ያዞራል፣ ብልጭታም የቤንዚን መርጨትም የለም።

መልስ፦ ሁለቱም አብረው ሲጠፉ የክራንክ ሻፍቱን አቀማመጥ የሚያነበውን ሴንሰር ይመልከቱ፤ ሶኬቱ ሳይገባ ቀርቶ ወይም ሽቦው በሞተሩና በካምቢዮው (በማርሽ ሳጥኑ) መካከል ተጨፍልቆ ይሆናል። ፊውዞቹንም አብረው ይዩ።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ሁሉንም አረጋግጫለሁ። ቤንዚኑን በጀሪካን ነው የገዛሁት። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ሊኖረው ይችላል። በንጹሕ ጠርሙስ ቀድተው ለአንድ ሰዓት ያስቀምጡት፤ ውሃ ካለበት ከታች ይቀመጣል፣ መስመሩም በግልጽ ይታያል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ የእኔ ዛሬ ተነሳ። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ ደስ ይበልዎ። የዘይት መብራቱ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው ያጥፉት። ከጠፋ ግን ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር ለብዙ ጊዜ ቆሞ እንዲሠራ አይተዉት፤ አዲሱ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር የሚላመደው ሸክም ሲያገኝ ስለሆነ፣ የውሃውንና የዘይቱን መፍሰስ ካዩ በኋላ ይንዱት፤ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያድርጉ፣ ከባድ ጭነት ግን ይቆይ። ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ውሃ ይሙሉ። መመሪያው የቴስታታ ብሎኖች እንደገና ይጠበቁ የሚል ከሆነ ከመሃል ወደ ዳር በቅደም ተከተል በቶርክ መፍቻ ያጥብቁ። የመጀመሪያውን ዘይት ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ከነፊልትሮው ይቀይሩና የወጣውን ዘይት በማግኔት ይፈትሹት።