ጥያቄና መልስ፦ በብርሃን ጉድጓድ ስለተያዙ አተሞች

ዛሬ ማታ ጠይቁኝ። ርዕሱ በሌዘር ጥልፍልፍ ውስጥ የተያዙ እጅግ ቀዝቃዛ አተሞች ማግኔትነት ነው። አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፦ «ማግኔት» ስል ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈውን አታስቡ።

ከደሴ፦ መምህር፣ ጥልፍልፉ ከምን ይሠራል?

መልስ፦ ከብርሃን። ሁለት ሌዘሮች ፊት ለፊት ሲገጥሙ ባለበት የሚቆም ሞገድ ይፈጠራል። ገበጣ በሉት፤ ጉድጓዱ ብርሃን፣ ጠጠሩ አተም። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 1064 ናኖሜትር ከሆነ ከጉድጓድ ጉድጓድ 532 ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ገበጣው ባለ ሦስት ረድፉ ነው?

ከወልዲያ፦ ኧረ ሁለት ነው!

ከኮምቦልቻ፦ ወላሂ ሁለቱ የልጆች ነው።

መልስ፦ ገበጣውን ተዉት።

ከሐይቅ፦ አተሞቹ እንደ ማግኔት ይሳሳባሉ ማለት ነው?

መልስ፦ ምን ብዬ ነበር? በመካከላቸው ያለው የማግኔት ኃይል እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በየጉድጓዱ አንድ አንድ የሊቲየም አተም አለ እንበል፤ ስፒኑ፣ ማለትም በውስጡ የያዘው የጥቃቅን ማግኔት አቅጣጫ፣ ወይ ላይ ወይ ታች። አተሙ ለቅጽበት ወደ ጎረቤቱ ሾልኮ ሲመለስ ጉልበቱ ትንሽ ይቀንስለታል። ጎረቤቱ ተመሳሳይ ስፒን ካለው ግን የፓውሊ ሕግ፣ ማለትም ስፒናቸው አንድ የሆነ ሁለት አተሞች አንድ ጉድጓድ አይጋሩም የሚለው፣ አያስገባውም። ስለዚህ ከተቃራኒ ጋር መጎራበት ያዋጣል፦ ላይ፣ ታች፣ ላይ፣ ታች። ማግኔትነት ያልኩት ይህን ጥለት ነው፤ የሚያመጣውን ሾልኮ መመለስ ሱፐርኤክስቼንጅ ይሉታል።

ከወልዲያ፦ ለመብራት መቆራረጥ መፍትሔ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። ቀጥሉ።

ከደሴ፦ ጥለቱ ካልታየ አብዝቶ ማቀዝቀዝ ነዋ?

መልስ፦ አቦ፣ የእኔ በሽታ ይቺ ናት! ሁሉም ናኖኬልቪን፣ የዲግሪን ቢሊዮንኛ፣ ይቆጥራል። ጥልፍልፉን ቀስ ብለህ ስታበራ ሙቀቱ ይቀየራል፤ የማይለወጠው ኢንትሮፒው፣ ማለትም የዝብርቅርቁ መጠን ነው። ስፒኑ እንደፈለገ የሚሆን አተም፣ በቦልትዝማን ቋሚ (የኢንትሮፒ መለኪያ አሃድ በሉት) ሲለካ፣ 0.69 ኢንትሮፒ ይይዛል። በባለ ሦስት አቅጣጫ ጥልፍልፍ ጥለቱ እንዲወጣ ወደ ግማሹ መውረድ አለበት። ሙኒክ ላይ የሩቢዲየም አተሞች በየጉድጓዳቸው ተቆልፈው የታዩት እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ ሃርቫርድ ላይ በሊቲየም 80 ያህል ጉድጓዶችን ያዳረሰ ጥለት የታየው ግን በ2017። ዘዴው ቤት እንደ መጥረግ ነው፦ በዙሪያው ሳሳ ያለ የአተም ደጅ አበጁና የመሃሉን ኢንትሮፒ ወደዚያ ጠረጉት። ዲግሪ አትቁጠሩ፣ ኢንትሮፒ ቁጠሩ!

ከኮምቦልቻ፦ በኮምፒውተር ማስላት አይቀልም?

መልስ፦ 10 ስፒን 1024 ሁኔታ ነው፤ ላፕቶፕህ ይበቃዋል። 40 ስፒን ከትሪሊዮን ያልፋል።

ከሐይቅ፦ ይቅርታ መምህር፣ ዘግይቼ ነው... ብረት ይስባል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከላይ አንብቢ።

ከወልዲያ፦ ዲግሪው ግን በትክክል ስንት ነው?

መልስ፦ ኢንትሮፒ አልኩ! በቃኝ፣ ቡናዬ ቀዘቀዘ። ገበጣው ደግሞ ሦስት ረድፍ ነው።